ስልሳ ሁለት ዓይን

የካናዛዋ ሰማይ ቀዳዳ ነው፤ ወር ከወር ያፈሳል፤
«ምሳ ቢረሳ ይረሳ፣ ጃንጥላ እንዴት ይረሳል?»
ይላሉ ሽማግሌዎቿ። እኔም ከአሳኖ ወንዝ ማዶ፣
ከድልድዩ እግር ሥር፣ ጠባብ ሱቅ ከፍቼ፣
አጉሊ መነጽሬን እንደ ሦስተኛ ዓይን ግንባሬ ላይ ሰክቼ፣
የሰው ካሜራ እጠግናለሁ፣ ብሎን በብሎን ፈትቼ።

ዶክተር ኩራሞቺ ነበር፤ አርባ ዓመት ጥርስ የነቀለ፣
የነቀለበትን ሁሉ ካሜራ ላይ የተከለ።
ስልሳ ሁለት ነበሩት።
እርጥበት በሚመጥ ሣጥን፣ የመስታወት በር ዘግቶባቸው፣
ያለ ነጭ ጓንት አይነካቸው።
አንዱ ከጦርነቱ በፊት ጀርመን አገር የተሠራ፣
ጥቁር ቀለሙ ሳይላጥ እንደ ሙሽራ ጫማ የሚያበራ፤
አንዱ መዝጊያው ሲከፈት ድምፁ እንደ ድመት እርምጃ የለሰለሰ፣
አንዱ ደግሞ ዋጋው እስከ ዛሬ ከሚስቱ ጆሮ ያልደረሰ።
የተወለዱበትን ዓመት፣ የሆዳቸውን ቁጥር በቃሉ ይወጣዋል፤
በነሱ አሻግሮ ሲያዩት ግን ዓለም ምን ይመስላል?
እንጃ። አልሞከረውም።

በየጸደዩ አራት አራቱን በሐር ጨርቅ ጠቅልሎ፣
«ሻጋታ ገብቶ እንዳይሆን» ይለኛል፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣
ትኩሳት የያዘው ሕፃን ያቀፈ ይመስል።
ሻጋታ ጨለማ ይወዳል፤ ከሌንስ ሥር ይሸምቃል፣
ድሩን በመስታወት አድርቶ ብርሃንን አንገቱን ያንቃል።
መድኃኒቱ ፀሐይ ነው። ነገርኩት። «ይዘዋቸው ይውጡ እንጂ!»
«ቢወድቁብኝስ?» አለኝ።
«ቢቧጨሩብኝስ?» አለኝ፣
ጓንቱን እያጠለቀ።

ዓሣ ነጋዴዋ ሱዙኤ ደግሞ፣ በፕላስተር የታሠረች
ፕላስቲክ ካሜራዋን ይዛ በወር በወሩ እየመጣች
ታደክመኛለች። ከጥርሶቹ መሐል የዓሣ ቅርፊት ስለቅም እውላለሁ።
ስቆጣት፣ «ባሌ የበረዶ ሣጥን ላይ ተኝቶ፣ ሳላነሳው ልለፍ?» ትላለች።
ሒሳቧን በሸርጣን ትከፍላለች።

አሁን ልናዘዝ።
የጠገኑትን መሞከር የሙያዬ ደንብ ነው፤
ፊልም ማጉረስ ግን... እሱ፣ ስሙን ካወጣነው፣ ስርቆት ነው።
በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉንም አጉርሻቸዋለሁ፣
ባለቤቱ ባላየበት ዓይን ከተማዬን አይቻለሁ፦
ሲያዛጋ የባቡር ጣቢያ ዘበኛ፣
በረዶ የከበደው ጥድ፣ በገመድ ተደግፎ እንደ በሽተኛ፣
የሰፈራችን ውሻ ጀርባ።
ሁሉም በብስኩት ቆርቆሮ፣ ከጠረጴዛዬ ሥር።

ኅዳር ላይ ዶክተር ሞተ።
በየካቲት ሚስቱ መጣች፣ ወይዘሮ ሚዮኮ፣ ዝርዝር ይዛ፤
ከቶኪዮ አንድ ነጋዴ አለ፣ ሁሉንም በጅምላ ሊገዛ።
«ስልሳ ሁለት ካሜራ ባለበት ቤት» አለች፣ «ለቀብሩ
አንድ ፎቶ አጣሁ። የመንጃ ፈቃዱን ወስጄ አስተለቅኩ፤
ሰዉ የተሰናበተው አንድ የተቆጣ ሰውዬ ነው።»

ቆርቆሮውን ከፈትኩ።
አምና ነው፣ ድልድዩ ላይ። ሦስቱን ተረክቦ ሲሄድ፣ አራተኛዋ እኔ ጋ ቀርታ፣
በመስኮቴ ያነሳሁት፣ በራሱ ዕቃ፣ ለአፍታ።
ዝናቡ ይወርዳል። ጃንጥላው ከሣጥኑ በላይ ተዘርግቷል፤
የሱ ግራ ትከሻ በስብሷል።

ዝም አለች። ዝም አለች። ከዚያ ሳቅ አመለጣት፦
«ይህን ኮት እኔ ነኝ የማደርቀው። በየጸደዩ፣ ምድጃ ዳር።
ለምን ግራው ብቻ ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም።»

«በየትኛው አነሱት?»
ከመደርደሪያው አወረድኳት፤ በዝርዝሩ ላይ አርባ አንደኛ።
ከጆሮዬ እስክሪብቶዬን መዝዛ መስመሩን ሰረዘች፤
«አጉርሱልኝ» አለች። አጎረስኩ። ጃንጥላዋን ረስታ ወጣች።

በመስኮት አየኋት፤ ድልድዩ መሐል፣ ዓይኗ ላይ አስጠግታ፣
ወንዙን ታነሳለች፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከፀጉር እስከ ጫማ ረጥባ።
የሌንሱን ክዳን ግን አላነሳችውም፤
በዚያ ዓይነት ካሜራ፣ ክዳን መኖሩ ለሚያየው አይታይም።
ጃንጥላዋን አፈፍ አድርጌ
«ክዳኑን! ክዳኑን!» እያልኩ ሮጥኩ።